ሰልፉ ላይ የቆሙት ሰዎች

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የክወናና እይታ ጥበባት አስተምራለሁ። አራተኛ ክፍል 54 ልጆች አሉኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው። ከለር ያለው ለሌለው እያዋሰ፣ አንድ ላጲስ ከዴስክ ዴስክ እየዞረ ነው የምንሠራው። ስለው ሲጨርሱ አንድ በአንድ እየወጡ ሥዕላቸውን ለክፍሉ ያስረዳሉ። ከሥራዬ ሁሉ የምወደው ይሄንን ሰዓት ነው። የተሳሳትኩትም እዚሁ ላይ ነው።

ያን ሰሞን ስለ ሀገራችን ባህላዊ አሣሣል ተምረን ነበር። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ላይ ቅዱሳኑ ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው፣ ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ይሳላሉ። ይሁዳ፣ ሰይጣንና ክፉ የተባለ ሁሉ ደግሞ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም ይህንኑ ነው የሚከተሉት። የኛ ሰዎች በሁለት ዓይን፣ የጣሊያን ወታደሮች በአንድ ዓይን። አንዱን የአድዋ ሥዕል በትልቁ አሳትሜ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩላቸው። በጣም ወደዱት። እረፍት ላይ ሁሉ «አንድ ዓይና!» እየተባባሉ ሲሯሯጡ ነበር የሰነበቱት።

በሚቀጥለው ሳምንት «ሰፈሬ በጠዋት» የሚል ሥራ ሰጠኋቸው። አብዛኞቹ ኮንዶሚኒየም ሳሉ፤ የተደረደሩ መስኮቶች፣ ጥግ ላይ ፀሐይ። አንዳንዶቹ የፈጣን መንገዱን መክፈያ ሳሉ። ከኋላ ዴስክ የሚቀመጥ፣ ካልጠሩት የማይናገር አንድ ልጅ ግን ቤትም ፀሐይም አልሳለም። ሰባት ሰው በተርታ አቁሟል። ሁሉም በጎን፣ ሁሉም በአንድ ዓይን።

ተራው ደርሶ ወጣ። ወረቀቱን በሁለት እጁ ደረቱ ላይ ይዞ ቆመ። አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት።

«አንድ ዓይና ሰዎች! ልጆች፣ በአንድ ዓይን የሚሳሉት እነማን ነበሩ?»

«ክፉዎች!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ። ከጥግ ደግሞ አንዱ፣ «ሌቦች ናቸው!» ሲል ሳቅ ሆነ። እኔም ፈገግ አልኩ። ያስተማርኩት ገብቶት ሥራ ላይ አዋለው ብዬ ደስ ብሎኛል። «ጎበዝ፣ ተቀመጥ» አልኩት። አንዲት ቃል ሳይናገር ተመለሰ። ወረቀቱን ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት ሲያጥፈው አይቻለሁ። ገና ብዙ ልጅ ይቀረኝ ነበር፤ አለፍኩት።

ከሰዓት በኋላ የመምህራን ማረፊያ ውስጥ ሥራዎቹን ሳርም የእሱን ዘረጋሁት። እጥፋቱ መሃል ላይ በቆመችው ሴት ፊት ላይ አልፏል። ከሌሎቹ በአንድ ራስ ትረዝማለች። ሌሎቹ በእርሳስ ብቻ ናቸው። የእሷ ቀሚስ ሰማያዊ፣ የያዘችው ፌስታል ቢጫ። በዚህ ዕድሜ ልጆች ዋና ነው ያሉትን አግዝፈው እንደሚስሉ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። ክፍል ውስጥ ግን ሥዕሉን አላየሁትም። ያየሁት የራሴን ትምህርት ነበር።

በማግስቱ እረፍት ላይ ጠራሁት።

«ይቺ ማናት?»

«እናቴ።»

«ምን እያደረገች ነው?»

«ተሰልፋለች።»

«ለምን ወደዚያ አዙረህ ሳልካት?»

ገርሞት ቀና ብሎ አየኝ። «ቲቸር፣ ታክሲው የሚመጣው በዛ በኩል ነዋ።»

የምለው ጠፋኝ። እኔ ራሴ በየጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ የታክሲ ሰልፍ እሰለፋለሁ። እዚያ ፊት ለፊት የሚያይ ሰው የለም። የሁሉም አንገት ታክሲ ወደሚመጣበት እንደዞረ ነው። ልጁ በየቀኑ ከሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ሆኖ እናቱን የሚሸኘው እንዲህ እያያት ነው። ቢጫው ፌስታል ምሳዋ ነው።

«ልጆቹ ሌባ ናት አሉ» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ያስባልኳቸው እኔ ነኝ። ይቅርታ አድርግልኝ፣ የኔ ልጅ።»

ይህንኑ ክፍል ውስጥ ልደግመው እንደሆነ ስናገር አንዲት ባልደረባዬ «ኋላ ይንቁሻል» አለችኝ። አልተስማማሁም። እናቱ የተሰደበችው በ53 ልጆች ፊት ነው። ጓዳ ውስጥ የተባለ ይቅርታ ያንን አይሽረውም።

በቀጣዩ ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የተናገርኩት ይህንን ነበር። እሱ ሳይናገር ተናግሬ እንዳሳሳትኳቸው ነገርኳቸው። ከዚያ እሱ ወጣ፤ እኔ ሄጄ እሱ ቦታ ተቀመጥኩ። ድምፁ እስከ ኋላ አይደርስም ነበርና ክፍሉ ጸጥ አለ። ሲጨርስ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች።

«ታክሲው ታዲያ የት አለ?»

«ገና አልመጣም።»

ማንም አልሳቀም። «የኔም አባት እዛ ነው የሚሰለፈው» አለ ከመሃል አንዱ።

ከዚያ ወዲህ ሥዕሉን የሚያስረዳው ልጅ ሳይጨርስ አልናገርም። ሦስት ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። ምን ሳልክ? የቱ ቦታ አስቸገረህ? እንደገና ብትሠራው ምን ትለውጣለህ? ቀጥሎ ጓደኞቹ ይጠይቁታል። እኔ የመጨረሻዋ ነኝ። ጊዜ ይፈጃል፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ ከስድስት ልጅ በላይ አይዳረስም። የቀሩት ለሳምንት ያድራሉ። ግን ሦስተኛው ጥያቄ ብዙ ነገር ያወጣል። ኮንዶሚኒየም የሳለች አንዲት ልጅ ሥዕሏን ትኩር ብላ አይታ፣ «መስኮቱ ላይ ሰው አላደረግኩም፤ ሁሉም ቤት ባዶ መሰለ» አለች። «ምንም አልለውጥም» የሚልም አለ። እሱንም ለምን እንደሆነ ካስረዳኝ እቀበለዋለሁ።

ያን ቀን ልጁንም ይህንኑ ጠይቄው ነበር።

«ወረቀቱ አልበቃኝም» አለኝ። «ሰልፉ እኮ እስከ ዳቦ ቤቱ ድረስ ነው።»

ሌላ ወረቀት አምጥቼ ከጎኑ በፕላስተር ቀጠልኩለት። እዚያው ዴስኩ ላይ ቁጭ ብሎ መሳል ጀመረ። አባቴ እዛ ነው የሚሰለፈው ያለው ልጅ መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አባቴን እኔ ልሳለው?»

ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለትና እርሳሱን ሰጠው።

«ከእናቴ ኋላ አድርገው» አለው። «እሷ ቀድማ ነው የደረሰችው።»