ቆዳው ያምራል፣ በሩ ግን የተቀባ ነው

ሰሞኑን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፤ "ያቺ አዲሷ መኪና እንዴት ናት?" ስሟን አልጠራም፤ የማወራው ካዛንቺስ ባለ አንድ ሻጭ ግቢ ውስጥ ስላየኋት አንዲት መኪና ነውና ስም ማጥፋት እንዳይሆንብኝ። ቻይና ሠራሽ ናት፤ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ፣ ባለ ሦስት ረድፍ ወንበር፣ ከነማሳጁ ከነፍሪጁ። ገበያ ላይ ገና መውጣቷ ነው። በካዛንቺስ አዲሱ ሰፊ መንገድ ስታልፍ የእግረኛው አንገት አብሯት ይዞራል፤ ይህን አልክድም።

እኔ ለገሃር አካባቢ ባለ አንድ የኢንሹራንስ ቢሮ የተሽከርካሪ ጉዳት ገማች ነኝ። የተጋጨ መኪና አይቼ የቱ ይጠገናል፣ የቱ ይቀየራል፣ ስንት ያወጣል ብዬ መጻፍ ነው ሥራዬ። ስለዚህ ከዘመድ አንዱ መኪና ሊገዛ ሲነሳ "እስቲ መጥተሽ እዪልኝ" ማለቱ አይቀርም። የአሁኑ ደዋይ የእናቴ ወንድም ናቸው፤ እኛ ቤት ሁላችንም "ጋሼ" ነው የምንላቸው።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን የቶዮታ ሰው ናቸው። አሁን ቪ ኤይት ላንድክሩዘራቸውን ሸጠው አዲሷን ሊገዙ ቆርጠዋል። ምክንያታቸው ይገባኛል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ ዜሮ ዜሮ የሚፈልግ ሰው የቀረው ምርጫ ኤሌክትሪክ ነው። ተገጣጥሞ ለሚገባ የኤሌክትሪክ መኪና የጉምሩክ ቀረጡ 15 በመቶ ነው፤ በነዳጁ መኪና ላይ ይከመር ከነበረው ታክስ ጋር አይወዳደርም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያው ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ብር ይዞ መቀመጥ የሚያስፈራው ሰው በዝቷል። ጋሼም "ገንዘቡ እጄ ላይ እየሟሟ ነው" ነው የሚሉት።

ሻጩ ጨዋ ልጅ ነው፤ ገና ሳንቀመጥ ማኪያቶ አስመጣልን። ጋሼ ከኋላ ገቡና ወንበሩ ጀርባቸውን ማሸት ሲጀምር ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። በቃ፣ ግዢው እዚያችው ላይ ያለቀ መሰለኝ። እኔ የቀለም ውፍረት መለኪያዬን ከቦርሳዬ አውጥቼ ዙሪያዋን መዞር ያዝኩ።

መለኪያዋ መዳፍ የማትሞላ ዕቃ ናት። ላሜራው ላይ ሲያስነኳት ቀለሙ ስንት ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) እንደሆነ ትናገራለች። የፋብሪካ ቀለም ባብዛኛው ከ100 እስከ 150 ባለው ውስጥ ነው የሚወድቀው። ኮፈኑ 118 አለ። ጣራው 112፣ የሾፌሩ በር 121። የቀኝ የኋላ በር ላይ ሳስነካት 287 አለች። ወደ ታች ወረድ አድርጌ ደገምኩ፤ 310። ስቱኮ፣ ማለትም የተጎዳ አካል የሚሞላበት ልጥፍ፣ የለበትም፤ ስቱኮ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ ከዚህ በብዙ ይዘል ነበር። በሩ ግን ሁለተኛ ጊዜ ተቀብቷል። ከመስታወቱ ሥር ባለው ጎሚኒ ጠርዝ ላይ ጥፍሬን ሳስኬድ፣ ቀለም ቀቢው የወረቀት ፕላስተር የለጠፈበት መስመር ከረር ብሎ ይሰማል።

"ይህ በር ተቀብቷል" አልኩት ሻጩን።

"ኧረ እህቴ፣ ዜሮ ዜሮ እኮ ናት! ላስቲኩ እንኳ ከወንበሩ አልተነሳም።"

"ላስቲኩ ያለው ወንበሩ ላይ ነው። እኔ የምልህ በሩን ነው።"

መቀባቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም። ፋብሪካው ራሱ መጨረሻ ላይ እንከን አይቶ አስቀብቶት ይሆናል፤ መርከብ ላይ ወይም ከጅቡቲ ሲመጣ ተጭሮም ይሆናል። ነገር ግን አንድ ቤት የሚያስገዛ ገንዘብ የሚከፍል ሰው ይህን ከሻጩ አፍ መስማት አለበት እንጂ ከእህቱ ልጅ መለኪያ መሆን የለበትም።

ቀጠልኩ። የባንክ ካርዴን በኮፈኑና በፓራፋንጎው መካከል ባለው ክፍተት አስገባሁ። በግራ በኩል ወለል ብሎ ገባ፤ በቀኝ በኩል ጫፉ ብቻ ገብቶ ቀረ። ሻንሲ ቁጥሩንና የጎማዎቹን የምርት ሳምንት አየሁ፤ ይሄ ልክ ነው፣ የሚነቀፍ የለውም። (የሻንሲ ቁጥሩ አሥረኛው ቦታ ላይ ያለው ፊደል የሞዴል ዓመቱን ይነግራችኋል፤ አር ለ2024፣ ኤስ ለ2025 እ.ኤ.አ.። ሻጭ የሚላችሁን ከዚያ ጋር አስተያዩት።)

ለሙከራ ስንወጣ ኦሎምፒያ አካባቢ ያለ ላቫጆ ጎራ እንድንል ለመንኩት። ልጁ ፊቱ ልውጥውጥ አለ፤ እምቢ ለማለት ግን ጋሼን አፈረ። አጣቢው ውኃውን ከኋላ በኩል ለቀቀው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቼ ምንጣፉን ገለጥኩና ጥጉ ላይ ሶፍት አስነካሁ፤ ራሰ። የበሩ ጎሚኒ ማዕዘኑ ላይ ሳይገባ እንደ ተንሻፈፈ ቀርቷል። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች የድምፅ ማጉያውና አንዳንድ የኤሌክትሮኒክስ ሳጥኖች የሚቀመጡት እዚያው ጎን ነው። ሐምሌና ነሐሴን ገምቱት።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጥቃቅን ነው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ አንዱም መኪና አያስቆምም። ችግሩ ጥድፊያን ማሳየቱ ነው። አዲስ ሞዴል ሲጀመር ቅርጽ ማውጫው ገና አልተገራም፣ ገጣጣሚው እጁ ገና አልለመደም፣ ሶፍትዌሩም "በኋላ በኢንተርኔት እናስተካክለዋለን" ተብሎ ሳያልቅ ይወጣል። እዚያው አገሩ ላለ ገዢ ይህ ብዙ አይጎዳም፤ ማታ ተኝቶ ጠዋት ሲነሳ መኪናው ታድሶ ያገኘዋል። ይህችኛዋ ግን ለቻይና ገበያ የተሠራች ናት፤ ሲም ካርዷ የዚያው አገር ነው። እስክሪኑ ጥግ ላይ ኔትወርክ የለም የሚል ምልክት በቻይንኛ ተለጥፎበታል፤ አፕሊኬሽኑን ለመክፈት ደግሞ የቻይና ስልክ ቁጥር ይጠይቃል። ሻጩ "ልጆች አሉን፣ ይከፍቱልዎታል" አለ። የትኞቹ ልጆች እንደሆኑ አልነገረንም።

ጋሼ በመንገዳችን ሁሉ የሚጠይቁኝ ግን ሌላ ነው። "ባትሪው ስንት ዓመት ይቆያል? መብራት ቢጠፋሳ? ነገ ልሽጣት ብል ማን ይገዛኛል? ቶዮታ እኮ ባንክ ነበር።" ካፌ ውስጥም ይኸው ነው የሚወራው። የመጨረሻዋ ጥያቄ ትክክለኛ ናት፤ ባትሪው ግን ያን ያህል አያስጨንቀኝም። አምራቾቹ ለባትሪ ስምንት ዓመት ዋስትና መስጠት ልማዳቸው ነው። "ያ ዋስትና የተጻፈው ለማን ነው?" ብዬ ነው የምጠይቀው። መኪናዋን ያስገባው ነጋዴ ነው፤ የፋብሪካው ወኪል አይደለም። ለነጋዴው መሸጥ እንጂ ለስምንት ዓመት መልስ መስጠት ሥራው አይደለም።

"ቻይና ስለሆነ ነው" የሚሉኝ አሉ። አይደለም። ቶዮታ ቢዚፎርኤክስ የተባለችውን፣ ዛሬ ከተማችን ውስጥም የምትታየውን ኤሌክትሪክ መኪና በ2022 እ.ኤ.አ. ግንቦት ወር ጃፓን ውስጥ ለገበያ አቀረበ፤ ሰኔ ላይ የጎማ ብሎኖቿ እየላሉ ጎማ ሊወልቅ ይችላል ብሎ 2,700 ገደማ መኪኖችን መልሶ ጠራ። ባለቤቶቹ እስኪስተካከል ድረስ እንዳይነዷት ነው የተነገራቸው። ሽያጩ የቀጠለው ጥቅምት ላይ ነው። ብሎን እኮ ነው! መኪና ሲሠራ ከኖረ ኩባንያ። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ አሜሪካ ውስጥ 102,000 ገደማ ቱንድራና ሌክሰስ ኤልኤክስ 600 መኪኖች ተጠሩ፤ ምክንያቱ ሞተሩ ሲሠራ ውስጡ የቀረ የብረት ብናኝ ነው። ያ ብናኝ ኩሽኔታውን ይበላውና ሞተሩ በመንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሌክሰስ ኤልኤክስ ማለት ጋሼ በሕልማቸው የሚያዩት መኪና ነው።

ስለዚህ አዲስ ሞዴል እንከን ይኖረዋል፤ የማንም ይሁን። ልዩነቱ እዚያ አምራቹ ባለቤቱን በስሙ ፈልጎ "አምጣ፣ ላስተካክልልህ" ይለዋል። በነጋዴ በኩል የገባች መኪና ግን ፋብሪካው መዝገብ ላይ አዲስ አበባ መኖሯ እንኳ አይታወቅም። ጥሪው ቢወጣ ጋሼ የሚሰሙት ምናልባት ከቴሌግራም ነው።

ቢሮዬ የሚመጣውን ባያችሁ ደግሞ የማወራው ይበልጥ ይገባችሁ ነበር። ሜክሲኮ አደባባይ ላይ በዝግታ የተነካካች የኤሌክትሪክ መኪና መጣች፤ የፊት ፓራውልቷ (መከላከያዋ) ብቻ ተሰንጥቋል። በድሮው አካሄድ ባትላሜራው ይገጥመዋል፣ በስቱኮ ይሞላል፣ ይቀባል፣ አለቀ። እንደዚያው ተደረገ፤ ሥራው ከሩቅ ሲታይ ምንም አይወጣለትም። ነገር ግን ከፓራውልቱ ጀርባ ራዳር አለ፤ ከፊት ያለውን መኪና የሚያየው፣ አስፈላጊ ሲሆን በራሱ ፍሬን የሚይዘው እሱ ነው። ስቱኮው በወፈረበት ቦታ ራዳሩ ታወረ። መኪናዋ ባዶ መንገድ ላይ መጮህ ጀመረች። ያን ራዳር አስተካክሎ ልክ የሚያስገባ ጋራዥ ስናፈላልግ ከረምን፤ ሙሉ ፓራውልቱ ከቻይና ይምጣ ሲባል ደግሞ ደንበኛው መኪናዋ ቆማ እየጠበቀች፣ መንጃ ፈቃድ ይዞ በራይድ ተመላለሰ። ሶማሌ ተራ የማይገኝ ዕቃ የለም ይባል ነበር። የዚህችን ጠይቄያለሁ፤ ልጆቹ ስሟን አስደግመውኝ ሳቁ።

ከላቫጆው ስንመለስ ጋሼን ለብቻ ወሰድኳቸው።

"ጋሼ፣ እንደኔ እንደኔ ከዚህ ዙር አይግዙ። አንድ ዓመት ይቆዩ። ሰው ይንዳት፣ ክረምት ይለፍባት፣ መለዋወጫውም ይግባ።"

"አንቺ ልጅ፣ እስከዚያ ዋጋው የት ይደርሳል?"

ለዚህ መልስ የለኝም፤ እውነታቸውን ነው። ስለዚህ ካልሆነ ውሉን እናጥብቀው ብዬ ወረቀት አወጣሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሻጭ ለተደበቀ ጉድለት ተጠያቂ እንደሆነ ይናገራል፤ ገዢውም ዕቃውን መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት። "አውቀህ ነው የገዛኸው" ከተባለ ግን ክርክሩ ይከብዳል። ስለዚህ ያየሁትን ሁሉ በጽሑፍ አደረግኩት፤ የበሩን ቁጥር፣ የካርዱን ክፍተት፣ የራሰውን ጥግ። ሦስት ነገር ጠየቅን። ለተቀባው በር ዋጋ ይቀነስ። ጎሚኒው ከርክክብ በፊት ተቀይሮ እንደገና ላቫጆ ይግባ። ፋብሪካው መኪናዋን ለጥገና ከጠራት ወይም ሶፍትዌሯን ካደሰ፣ አስመጪው በራሱ ወጪ እዚህ አዲስ አበባ ያስፈጽም፤ ካልቻለ መኪናዋን መልሶ ገንዘቡን ይስጥ።

ሻጩ ለባለቤቱ ደወለ። የመጀመሪያው እሺ ተባለ፤ ቅናሹ ግን ከጠየቅነው ግማሽ አይሞላም። ሁለተኛው "ችግር የለም" ተባለ። ሦስተኛውን ሲያነብ ከወዲያ በኩል ያለው ሰው ሳቀ፤ ድምፁ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። "ይህን የሚፈርምልሽ ነጋዴ አዲስ አበባ ውስጥ ካገኘሽ እኔም ከሱ ነው የምገዛው" አለ። ሰውዬው ቢያንስ አልዋሸንም።

ጋሼን "እንግዲህ ሰምተዋል" አልኳቸው። "እስቲ ላስብበት" ብለው በመኪናቸው አሳፈሩኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ቢሮዬ ተመለስኩ።

ማታ አክስቴ ደወለች። ጋሼ እኔን ለገሃር አውርደው ተመልሰው ካዛንቺስ ሄደዋል፤ ቀብድ አስይዘዋል። በሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስንት እንዳስያዙ ስጠይቃት አክስቴ ዝም አለች፤ ቀጥላ "አንቺ ግን ያን በር እንደምንም በነፃ የሚያስቀባ ሰው አታውቂም?" አለችኝ።