አዲስ ዓመት ስንቴ ይገባል?

እንኳን አደረሳችሁ! ገና ጳጉሜን 4 ነው፣ ቸኩያለሁ። ግን ነገ ቤታችን የሽንኩርት ልቅሶ ነው። ስልክ የሚነካ ሰው አይኖርም። ስለዚህ ዛሬውኑ ልገላገል።

ሐዋሳ ያላችሁ ታውቃላችሁ፣ የሌላችሁ ስሙኝ። በየዓመቱ ጳጉሜን ላይ ጓደኛ፣ የጓደኛ ጓደኛ፣ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ ይሰበሰብና ከተማዋን በእግር እንዞራለን። ክፍያ የለውም። ጳጉሜን ደመወዝ የሌላት ወር ናት፣ ማን ማንን ምን ይጠይቃል?

የጀመርኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት ወረቀት ይዤ፣ ድምፄን ወፈር አድርጌ አነበብኩ። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ራስ መንገሻ ስዩም ሲዳሞን ሲገዙ። ቀድመው ከሰፈሩት ውስጥ ጡረታ የወጡ ወታደሮች ነበሩ። ኋላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደዚህ መጣ። ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላ ከራሴ አንድ ጨመርኩ። «እንግዲህ ሐዋሳ ልጅ ናት፣ እናቴ እንኳን ትበልጣታለች። እንደ ጎንደር ግንብ፣ እንደ ሐረር ጀጎል የላትም» አልኩ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ ወታደሮቹ ሲመጡ እኮ እዚህ ሰው ነበር።»

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፣ የሲዳማ ሰው። ሲያልፉ ሰብሰብ ብለን አይተው ነው የቆሙት። አባታቸው ከብት ያሰማሩ የነበረው እዚሁ እንደሆነ፣ ቦታው አዳሬ ይባል እንደነበር፣ «ሐዋሳ» ማለትም በሲዳምኛ ሰፊ ማለት እንደሆነ ነገሩን። ወረቀቴን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ ወዲህ መሪያችን እሳቸው ናቸው። ጋሽ መምህር እንላቸዋለን። የእኔ ሥራ ሰው መቁጠርና መንገድ ማሻገር ሆኗል።

የዘንድሮው ዙር ትናንት፣ በሩፋኤል ዕለት ነበር። እቅዱ አሪፍ ነበር። ከገብርኤል አደባባይ ተነስተን፣ ወደ ሐይቁ ወርደን፣ ጉዱማሌን አይተን፣ አሞራ ገደል ዓሳ በልተን፣ ጉልበት ያለው ታቦር ተራራ ይወጣል። ገብርኤል ላይ ብዙ አልቆምንም። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከየአገሩ የሚጎርፈውን ሕዝብ ያላየ ሰው፣ ባዶ አደባባይ ላይ ቆሞ ቢነገረው አይገባውም። በነዚያ ሰሞን አልጋ ፍለጋ የዞረ ግን አስረጂ አያስፈልገውም።

ጉዱማሌ ላይ ግን ጋሽ መምህር ኮፍያቸውን አወለቁ። ፊቼ ጫምባላላ በአደባባይ የሚከበርበት ሜዳ ነው። የሲዳማ አዲስ ዓመት። በኅዳር 2008 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፣ እሳቸው ግን ስለ ዩኔስኮ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የሚናገሩት። የሚያስደስታቸው ስለ አያንቶዎቹ ማውራት ነው። ጨረቃዋንና ከዋክብቱን አይተው ቀኑን የሚቆርጡ አዋቂዎች ናቸው። ቀኑ ከዓመት ዓመት ስለሚለዋወጥ ግድግዳ ላይ የምንሰቅለው ካላንደር ቀድሞ ሊያውቀው አይችልም። ይህ እኔን ሁሌም ደስ ይለኛል። ስልካችን ሁሉን ነገር ቀድሞ በሚነግረን ዘመን፣ ሰማይ ታይቶ የሚነገር በዓል አለን።

ታሪኩን እንዲህ አወሩት። ባል ያገባች አንዲት ሴት ነበረች። በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ ትመጣለች። ስትመጣ ቡርሳሜ ይዛ ነው። ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራ ምግብ። ጎረቤት ተጠርቶ አብሮ ይበላል። ፊቼ የእሷ መታሰቢያ ነው ይላሉ። ንጉሥ የለበትም፣ ጦርነት የለበትም። እናቷን ልትጠይቅ ምግብ ይዛ የመጣች ሴት ናት። በዋዜማው ቤተሰብ በእርጥብ ቅጠል በተሠራ ቅስት ሥር ያልፋል፣ ሁሉቃ ይባላል። ከዚያ ሻፌታ በሚሉት ሰፊ የሸክላ ገበታ ዙሪያ ቁጭ ብሎ ቡርሳሜውን ይበላል። በነጋታው ልጆች «አይዴ ጫምባላላ!» እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፣ በየደረሱበት ይበላሉ። የዚያን ቀን ዛፍ አይቆረጥም፣ ከብት አይታረድም።

«እንደ እንቁጣጣሽ ልጃገረዶች ማለት ነው?» አለ ከአዲስ አበባ የመጣው የአክስቴ ልጅ።

«ልዩነቱ፣ የኛዎቹ ጠግበው ነው የሚመለሱት። የእናንተዎቹ አሁን ቴሌብር ነው የሚጠይቁት» አሉ ጋሽ መምህር። ሳቅንና ዝናቡ መጣ።

የሩፋኤልን ዝናብ ታውቁታላችሁ፣ ጠበል ነው። የሰፈሩ ሕፃናት ልብሳቸውን ወርውረው ወጡ። እኛ ትልልቆቹ በረከቱን ትተን መጠለያ ፍለጋ ሮጥን። ሐይቅ ዳር፣ ጋሽ መምህር የሚያውቋት ሴት ግቢ አለ። አሥራ አራት ሰው፣ ጭቃ በጭቃ ሆኖ በረንዳዋ ላይ ተደረደረ። እቅዱ እዚህ ላይ ተበላሸ። ጥሩ አደረገ።

የግቢዋን ባለቤት እትዬ እንላታለን። ወላይታ ናት፣ ተወልዳ ያደገችው ግን እዚሁ ነው። ስንገባ ዳጣ እየፈጨች ነበር። ቃሪያው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ድንጋዩ ላይ ነው። እጇ መጁን ይዞ ይሄዳል ይመለሳል። ቀና አላለችም። «ግቡ፣ ጫማ አታውልቁ፣ ቤቱ ራሱ ጭቃ ነው» አለች። ሽታው አፍንጫዬን ሰነጠቀው። የአክስቴ ልጅ አስነጠሰ፣ እትዬ «ይማርህ» አለችና መፍጨቷን ቀጠለች።

ዳጣው ለእንቁጣጣሽ መስሎን ነበር። ለዚያም ነው፣ ዋናው ግን ጊፋታ ነው። የወላይታ አዲስ ዓመት መስከረም 14 እና 20 መካከል ባለው እሁድ ይውላል። ለጊፋታ የሚታሰበው ለሳምንት አይደለም። ወንዶቹ ተሰብስበው ለበሬው ብር ሲያጠራቅሙ ይከርማሉ፣ ሴቶቹ ደግሞ ለቅቤው። እትዬ የቅቤ ቡድኗ ውስጥ አሥራ አንድ ሴቶች እንዳሉ በጣቷ ቆጥራ ነገረችን። አንዷ ከንባታ፣ ሁለቱ ሲዳማ፣ አንዷ ጉራጌ ናቸው።

«ታዲያ እነሱ ጊፋታን ምን ያደርጉታል?» አልኳት።

«ቅቤ የማይወድ ማን አለ?» አለችኝ።

ቆጠራው የተጀመረው እዚያ በረንዳ ላይ ነው። ሐዋሳ ውስጥ አዲስ ዓመት ስንቴ ይገባል? እንቁጣጣሽ አንድ። ጊፋታ ሁለት። የሀዲያ ያሆዴ ሦስት፣ የበዓሉን ምግብ አተካናን የቀመሰ አይረሳውም። የከንባታ መሳላ አራት። ፊቼ አምስት። ጉራጌው ጓደኛችን «መስቀልስ?» ብሎ ተነሳ። «መስቀል አዲስ ዓመት አይደለም» አልነው። «ለኛ ዓመቱ የሚቆጠረው በመስቀል ነው፣ ክትፎውን ስትበሉ እንዲህ አላላችሁም» አለ። ክርክሩ እስካሁን አልተፈታም። ብቻ አብዛኞቹ መስከረምን ይሻማሉ፣ በመስከረም ሐዋሳ ላይ ክብደት ለመቀነስ የወሰነ ሰው ካለ እግዜር ይርዳው።

ቡናው እየተቆላ እትዬ ሌላ ነገር አወራች። ጠይቀናት አይደለም። «በ2010፣ በፊቼ ሰሞን ከተማው ሲታመስ፣ ሁለቱ ልጆቼ ሦስት ሌሊት ያደሩት የጋሼ ቤት ነው» አለች፣ በመጁ ወደ ጋሽ መምህር እየጠቆመች። እሳቸው ወደ ዝናቡ ዞሩ። «ቡናው አላረረም?» አሉ። አላረረም ነበር።

እኔም አላጋንነውም። ያ የሲዳማና የወላይታ ግጭት ሰሞን ብዙ ሰው የሞተበት፣ ብዙ ሰው ቤቱን ያጣበት ነው። የአንድ ግቢ ታሪክ አይሸፍነውም። ግን የማወራችሁ ወረቀቴ ላይ ያልነበረውን ነው፣ ይህም አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ አሞራ ገደል ወረድን። ጀልባዎቹ ዳር ላይ ተሰልፈዋል። ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሳ እየበለቱ ነው። አንዱ የዓሳውን ቆዳ በጥርሱ ነክሶ ሥጋውን ወዲያ ሲስበው፣ የአክስቴ ልጅ ስልኩን አወጣና መልሶ ከተተው። ከጀርባ አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ቆመዋል፣ ራሰ በራ፣ ክንፋቸውን እንደ አሮጌ ካፖርት ደርበው፣ ውዝፍ ሊሰበስቡ የመጡ ይመስላሉ። ጥሬ ዓሳ በአዋዜ በላን። ጉራጌው ጓደኛችን እዚህም ላይ ስለ ክትፎ ሊያወራ ሲል አስቆምነው። ታቦርን የወጣ የለም፣ መንገዱ ይንሸራተት ነበር፣ ሆዳችንም ሞልቶ ነበር።

ስንለያይ ጋሽ መምህር አንድ ነገር አሳሰቡኝ። በሚቀጥለው ዓመት መንገዱ በእትዬ ግቢ እንዲጀምር። «ገብርኤል አደባባይን ሰው ራሱ ያገኘዋል» አሉ። እሺ ብያለሁ። እትዬ ግን ገና አልተጠየቀችም፣ አሥራ አራት ሰው ጭቃ ይዞ ሲገባባት ሁለተኛ ዓመት መሆኑ ነው። የቡና ስኒም ሰብረንባታል። የሰበርኩት እኔ ነኝ። ለበዓሉ ስድስት ስኒ ገዝቼ ነገ አደርስላታለሁ።

እንግዲህ ወዳጆቼ፣ እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገራችሁ። ርቃችሁ ያላችሁ፣ ውጭ አገር በሥራ ቀን የምትውሉት በተለይ፣ ዘመኑ የጤና ይሁንላችሁ። የጊፋታውን፣ የያሆዴውን፣ የመሳላውን፣ የመስቀሉንም ከአሁኑ ብያለሁ፣ አንድ በአንድ ለመጻፍ ጊዜ አይኖረኝም። የፊቼውን አያንቶዎቹ ሲቆርጡት እነግራችኋለሁ።

እትዬ ከዳጣው በሀይላንድ ቀድታ ሰጥታኛለች። ፍሪጅ ውስጥ ነው። ከመጣችሁ ቶሎ ኑ፣ የአክስቴ ልጅ ትናንት ማታ ሩቡን በዳቦ ጨርሶታል።