የጠመቃው ቆጥ

ሁለተኛውን የቢራ ጠመቃዬን የጨረስኩት በተቃጠለ እግር ነው። በጉልቻ ላይ የጣድኩትን ባለ 50 ሊትር ድስት ከጓደኛዬ ጋር ግራና ቀኝ ይዘን ስናነሳ፣ በእሱ በኩል ያለው እጀታ ከጨርቁ ውስጥ ሾለከ። ውሃው 80 ዲግሪ ገደማ ደርሶ ነበር። የፈሰሰው ግማሽ ባልዲ ባይሞላም ቀኝ እግሬን ልጦት ሦስት ሳምንት ጫማ አላደረግሁም። በእነዚያ ሳምንታት ስለ ቢራው ጣዕም አላሰብኩም። ፍል ውሃ በእጅ የማይነሳበት መንገድ መፈለግ ነበረብኝ።

ያደግሁት ጠላ በማይጠፋበት ቤት ነው። እናቴ ገብሱን ነክራ፣ በኮባ ቅጠል ሸፍና አብቅላ፣ ፀሐይ ላይ ስታሰጣው እያየሁ ስላደግሁ ብቅል ለእኔ እንግዳ አይደለም። ቢራ ግን ሙቀትን በዲግሪ መጠበቅ ይፈልጋል። የተፈለጠው ብቅል 66 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በዚያ ሙቀት ብቅሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ከዚያ ጣፋጩ ፈሳሽ ይንቆረቆራል፤ የቀረው ብቅል በፍል ውሃ ይታጠባል፤ የተሰበሰበው ለቢራ ምሬት ከሚሰጠው ከሆፕስ አበባ ጋር ይፈላል፤ ሲቀዘቅዝ እርሾ ይገባበታል። ስለዚህ ሦስት ዕቃ ያስፈልጋል፦ የፍል ውሃው፣ የብቅሉ እና የማፍያው። ሦስቱ በደረጃ አንዱ ከአንዱ በላይ ከተቀመጡ ፈሳሹ በራሱ ክብደት ይወርዳል። የሚቀረው ሥራ ቧንቧ መክፈትና መዝጋት ነው።

ሦስቱን ዕቃዎች በደረጃ የሚሸከም መቆሚያ ለመሥራት ብረት ከመግዛቴ በፊት ክብደቱን አሰላሁ። ለ40 ሊትር ቢራ 9 ኪሎ ግራም ብቅል እጠቀማለሁ። ለእያንዳንዱ ኪሎ 3 ሊትር ሲታሰብ መጀመሪያ 27 ሊትር ውሃ ይገባል፤ ብቅሉ በኪሎ 1 ሊትር ያህል ጠጥቶ ያስቀራል፤ ለማጠቢያ ሌላ 30 ሊትር ይጨመራል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነውና የላይኛው ዕቃ ሲሞላ ከነድስቱ ከ60 ኪሎ ያልፋል። ይህን ያህል ክብደት፣ ያውም ፍል ውሃ፣ ከሰው ራስ በላይ ሊቀመጥ ነው። ስለዚህ በእንጨት ልሥራው የሚለውን ሐሳብ ወዲያው ተውኩት።

ቤት ውስጥ አሮጌ የጋልቫናይዝድ ውሃ ቧንቧ ነበረኝ፤ ያንን ተሸክሜ እዚሁ ባሕር ዳር ሽምብጥ ሰፈር ወዳለ ብየዳ ቤት ሄድኩ። የብየዳ ቤቱ ባለቤት ቧንቧውን በጣታቸው ፈተግ አድርገው መለሱልኝ።

«ልጄ፣ ይህን ብበይድልህ ዛሬ ማታ በትኩሳት ስንቀጠቀጥ ነው የማድረው» አሉ።

እውነታቸውን ነው። ቧንቧውን ከዝገት የሚጠብቀው የዚንክ ልባስ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለጥቂት ሰዓታት ብርድ ብርድ የሚያሰኝ ትኩሳት ያመጣል። ብየዳ ራሳቸውን ችለው የሚሞክሩ ወጣቶች ይህን እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ ያረጀ ቧንቧ በነፃ ተገኘ ብሎ ወደ እሳት ማስገባት ተገቢ አይደለም። እኔም 40 በ40 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ቱቦላሬ ገዛሁ።

ከእሳቸው ብዙ ተማርኩ። እኔ የፈራሁት ብረቱ ይሰበራል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቋሚዎቹን በእጃቸው እየገፉ «ብረት አይሰበርብህም፤ የሚወላገድብህ ነው» አሉና ከኋላና ከሁለቱ ጎኖች በሰያፍ ማገሮች አስገቡ። እንዲሁም ማዕዘኑን በአንድ ጊዜ አልበየዱትም። በመጀመሪያ በነጥብ በነጥብ ያዝ ያደርጉታል፤ ከዚያ ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ እየዘረጋን እንለካለን። ሁለቱ ሰያፍ ልኮች እኩል ከሆኑ አራት ማዕዘኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ካልሆኑ በመዶሻ ይመለሳል። የተበየደ ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚኮማተር፣ አንዱን ጥግ ጨርሰው ወደ ቀጣዩ ቢሄዱ ማዕቀፉ ሁሉ ወደዚያ ይጎተት ነበር። መብራት ሁለት ጊዜ ስለጠፋ ሥራው ሦስት ቀን ፈጀ።

ዋናው ስህተት የእኔ ነበር። ከፍታውን ያሰላሁት ከላይ ወደ ታች ነው። የፍል ውሃው፣ ቀጥሎ የብቅሉ፣ ቀጥሎ የማፍያው እያልኩ ወርጄ ማፍያው ላይ አቆምኩ። የማፍያው ድስት ከመሬት 40 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀመጠ፤ የላይኛው ድስት አፍ ደግሞ ከ2 ሜትር አለፈ። ቢራው ከማፍያው ወጥቶ ከእርሾ ጋር የሚብላላበት በርሜል ግን 60 ሴንቲ ሜትር ቁመት አለው። ከድስቱ ቧንቧ ይልቅ የበርሜሉ አፍ ከፍ ብሎ ተገኘ! በአዲሱ መቆሚያ የጠመቅሁትን የመጀመሪያ ቢራ በጭልፋ እየቀዳሁ አዛወርኩት። የቀዘቀዘ ጣፋጭ ፈሳሽ ነፋስና አቧራ እየነካው ግማሽ ሰዓት ሲቀዳ ምን እንደሚሆን ማንም ጠማቂ ያውቃል፤ በአሥረኛው ቀን ኮምጥጦ ደፋሁት። አርባ ሊትር ነበር፤ አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

መቆሚያውን በሙሉ ከፍ ላድርገው ብል የላይኛው ድስት ከጣሪያው ክፈፍ ሊደርስ ነው። በዚያን ሰሞን ውሃው መሙላቱን ለማየት ወንበር ላይ ቆሜ አንገቴን ሳሰግግ እናቴ ከኩሽና ብቅ አለች።

«ኧረ ውረድ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማህም?»

«እምዬ፣ ከፍ ካላደረግሁት አይወርድም እኮ።»

«የጠላውን ጋን ለምን ወለሉን ቆፍሬ እንደተከልኩት ታውቃለህ? ጎንበስ ብዬ እንድቀዳ ነው። አንተ ቆጥህን ወደ ሰማይ ታስረዝማለህ። መሬቱን ዝቅ ብታደርገውስ?»

ጉድጓድ መቆፈር አላስፈለገኝም። በረንዳችን ከግቢው 45 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መቆሚያውን የበረንዳው ጠርዝ አጠገብ አድርጌ በርሜሉን ግቢው ላይ አስቀመጥኩት። በአንድ ጊዜ ያጣሁትን ከፍታ አገኘሁ፤ እንዲያውም ተርፎኝ የመቆሚያውን አራት እግሮች 15 ሴንቲ ሜትር አስቆረጥኳቸው። የላይኛው ድስት አፍም ወደ 1 ሜትር ከ90 ወረደ። ውስጡን ለማየት አሁንም ከፍ ይላል፤ ግን በጎኑ ግልጽ ቱቦ ገጥሜ በየአምስት ሊትሩ ምልክት ስላደረግሁበት የውሃውን ልክ ከታች ሆኜ አነባለሁ። ውሃውም በጎማ ከቧንቧ በቀጥታ ይገባል። ወንበሩ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

መቆሚያ ለመሥራት የሚያስብ ሰው ቢጠይቀኝ መጀመሪያ የምለው ይህንን ነው፦ ቢራው መጨረሻ ላይ የሚያርፍበትን ዕቃ መሬት ላይ አቁም፤ አፉን ለካ፤ ከዚያ ወደ ላይ ቁጠር። ከላይ ወደ ታች ከቆጠርክ ስህተቱን የምታገኘው ፍል ፈሳሽ በእጅህ ይዘህ ነው።

ከጣና ዳር መኖር የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ጸጥ ያለው አየር ከቀትር በኋላ ከሐይቁ በሚነሳው ነፋስ ይተካል፤ ነፋሱ የጋዙን ነበልባል ከድስቱ ሥር ጠርጎ ያወጣዋል። በሦስት በኩል ላሜራ ጋረድኩበት። መጀመሪያ እስከ ታች ድረስ ዘግቼው ነበልባሉ ቢጫ ሆነና የድስቱ ቂጥ ጥላሸት ለበሰ፤ እሳቱ አየር አጥቶ ነበር። ላሜራውን ከታች አንድ ስንዝር ሳሳጥረው ሰማያዊው ነበልባል ተመለሰ። የጋዝ ሲሊንደሩ ከመቆሚያው ሥር አይቀመጥም፤ ረጅም ጎማ ገዝቼ ከበረንዳው ጥግ አርቄዋለሁ። በር የተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህን ምድጃ መለኮስ ደግሞ ፈጽሞ የማይሞከር ነው፤ እንደ ከሰል ጭስ ሳይታወቅ ይገድላል።

ሌላው የከፍታችን ጉዳይ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድስቱ እየተንፈቀፈቀ ቴርሞሜትሩ 94 ላይ ሲቆም የተበላሸ መስሎኝ ሌላ ገዛሁ፤ ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሙቀቱ ዝቅ ሲል የሆፕስ ምሬት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በብዙ መመሪያዎች 60 ደቂቃ የሚባለውን ማፍላት 90 ደቂቃ አደርገዋለሁ። ይህ ለመቆሚያው ትርጉም አለው፤ ብረቱ ከእሳት ጋር የሚቆየው ረዘም ላለ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ዝገት መከላከያ ቀለም ቀብቼው ስለነበር ከምድጃው አጠገብ ያለው ተቃጥሎ እየተላጠ ሽታው ግቢውን ሞላው። ያንን ክፍል ፍቄ ባዶውን ትቼዋለሁ፤ ከጠመቃ በኋላ በዘይት ጨርቅ እወለውለዋለሁ። የቀረው ቀለም ግን ከሐይቁ እርጥበት ጠብቆታል።

ትናንሽ ነገሮችም አሉ። በድስቶቹ ላይ የገጠምኳቸው ቧንቧዎች የነሐስ ናቸው፤ ጎሚኒያቸው ግን ሙቀት የሚችል ሲሊኮን መሆን አለበት፤ ተራው ጥቁር ጎሚኒ ቢራው ላይ የጎማ ጣዕም ያመጣል። የብቅሉን ድስት አሮጌ ጋቢ እጠቀልልበታለሁ፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሙቀቱ ከሁለት ዲግሪ በላይ አይወርድም። ወፍጮ ቤት ስሄድ «አይላም፤ እንደ ክክ ይፈለጥልኝ» እላለሁ፤ የላመ ብቅል ማጣሪያውን እንደ ሊጥ ይደፍነዋል።

ሆፕስ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሲገኝ ብቻ ነው የማገኘው። ሲያልቅብኝ እናቴ ከዘጌ የመጣ ጌሾ ከቅዳሜ ገበያ ትገዛልኛለች። ምድሯ በማይታረስባት በዚያች ልሳነ ምድር ቡናና ጌሾ የሰው መተዳደሪያ ናቸው፤ ጌሾው ሽታው ከሩቅ ይጣራል። ምሬቱ የሆፕስን አይመስልም፤ ወደ እንጨትና ወደ ሥር ያደላል። ለእኔ ግን ጠላችንን የሚያስታውሰኝ ያ ቢራ ከሌላው ይበልጥብኛል።

ለፋሲካ እናቴ የጠላዋን ውሃ በዚሁ መቆሚያ አፈላች። ባልዲ አላነሳችም፤ ከማፍያው ቧንቧ በጎማ ወደ ጋኗ ወረደላት። ሲያልቅ ግን ወደ መካከለኛው ደረጃ እጇን ዘርግታ ለካችና «ይህ ለአንተ ቁመት ነው የተሠራው፤ አራት ጣት ዝቅ አድርግልኝ» አለችኝ። ሰኞ ጠዋት ወደ ብየዳ ቤቱ እወስደዋለሁ።