ሁለቱ መንገዶች የት ያደርሳሉ?

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ወደ እኛ ከሚመጡት ሴቶች ብዙዎቹ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ናቸው። ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከሲዳማ ገጠርም ከሌላ አካባቢም ብዙ ወጣት ሴቶች ወደ ከተማዋ ገብተዋል። አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። ማታ ከሺፍት ሲመለሱ አንዷ የሰማችው ነገር ለሁሉም ይዳረሳል። ማህፀን ውስጥ ስለሚቀመጠው የእርግዝና መከላከያ፣ ስለ ሉፕ የሚወራው ደግሞ መዓት ነው።

አንድ ቅዳሜ የመጣችው ልጅም ያንን ወሬ ይዛ ነው። ልጅ መውለድ ለጥቂት ዓመታት ማቆየት ትፈልጋለች። ስለ መርፌው፣ በክንድ ስለሚቀበረውና ስለ ሉፕ አስረዳኋት። ሉፕ ስል ፊቷ ተለወጠ። «ሉፕ ተነስቶ ልብ ላይ ይወጣል ይባላል» አለችኝ።

ይህን በየሳምንቱ እንሰማለን። ግድግዳችን ላይ የማህፀን ሥዕል ተለጥፏል። መሃል ላይ ማህፀን፣ ከታች የማህፀን በር፣ ግራና ቀኝ የተዘረጉ ሁለት ቱቦዎች፣ ጫፋቸው አጠገብ ደግሞ ኦቫሪ የምንላቸው የእንቁላል እጢዎች አሉ። ሉፑ የት እንደሚቀመጥ በጣቴ አሳየኋት። እሷ ግን ዓይኗ ሌላ ቦታ ነበር።

«ሲስተር፣ እነዚህ ሁለቱ መንገዶች ጫፋቸው ክፍት ነው። የት ነው የሚያደርሱት? ሉፑ በእነሱ አልፎ ቢወጣስ?»

ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ ፍርሃት ሲመጣ «ይሄ ወሬ ነው፣ አትስሚያቸው» ብሎ ማለፍ ይቀናናል። የእሷ ጥያቄ ግን ወሬ አልነበረም። ሥዕሉን አይታ፣ አስባ፣ ትክክለኛውን ነገር ነው ያገኘችው። የማህፀን ቱቦ ጫፉ በእርግጥም ክፍት ነው። ከኦቫሪው ጋር ተጣብቆ የተሰፋ አይደለም። ዘርፍ ዘርፍ ያለው ጫፉ ኦቫሪው አጠገብ ይቆማል፤ እንቁላል ስትለቀቅ ያን ጊዜ ይቀበላታል። ከዚያ ጫፍ ባሻገር ያለው የሆድ ዕቃ ክፍት ቦታ ነው። ጣሊያናዊው ሐኪም ጋብሪኤሌ ፋሎፒዮ እነዚህን ቱቦዎች በ1561 እ.ኤ.አ. በጻፈው መጽሐፍ ገልጿቸዋል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራሉ። ይህች ልጅ ደግሞ ከስፌት ማሽን ተነስታ መጥታ ክፍት መሆናቸውን በአንድ እይታ ያዘችው።

አዎ፣ ክፍት ነው አልኳት። ከዚያ ልክ ልኩን ነገርኳት። ቱቦው ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይረዝማል። ከማህፀን ጋር የሚገናኝበት ቦታ ግን እጅግ ጠባብ ነው፤ ውስጡ 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የቲ ቅርጽ ያለው ሉፕ ክንዶቹ ሲዘረጉ 32 ሚሊሜትር ይሰፋል። ናሙናውን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። አገላብጣ አየችው።

ያልደበቅኳት ነገርም አለ። ሉፕ ከማህፀን ውጪ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ከ1000 ሴቶች በአንዷ ወይም በሁለቱ ላይ፣ በአብዛኛው ሲገባ የማህፀኑን ግድግዳ በስቶ ያልፋል። ያን ጊዜ የሚገኘው ሆድ ዕቃ ውስጥ ነው። ሆድና ደረትን ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ይለያቸዋል፤ ልብ ያለው ከዚያ በላይ ነው። ይህን ለታካሚ መንገር ያስፈራታል የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። ግማሹን እውነት የደበቀ ባለሙያ ሌላውን ግማሽ ቢናገርም አይታመንም።

ልጅቷ ግን አሁንም ሥዕሉን ታያለች። «ይሄ ሁሉ እኔ ሆድ ውስጥ አለ?» አለች። እዚህ ላይ ከጎኔ ቁጭ ብላ መዝገብ ስትሞላ የነበረችው አንጋፋዋ ሲስተር ብዕሯን አስቀምጣ ተነሳች።

«ይሄ ሥዕል እኮ ሰውዬው የሌለበት ሥዕል ነው» አለች። እውነቷን ነው። ግድግዳው ላይ ያለው ማህፀን ከትከሻ እስከ ትከሻ ይደርሳል። ዙሪያው ምንም የለም። የሽንት ፊኛ የለም፣ አንጀት የለም፣ የዳሌ አጥንት የለም። መሃሉ ላይ የሚታየው ባዶ ቦታ ደግሞ ሰፊ ክፍል ይመስላል። እንዲህ ያለ ሰፊ ቤት ውስጥ ትንሿ ሉፕ ወዲያ ወዲህ ትላለች ብላ ማሰቧ ምን ይገርማል?

ሲስተር ነጭ ወረቀት ወስዳ በእውነተኛ መጠኑ ሣለችላት። ያላረገዘች ሴት ማህፀን ርዝመቱ ከ7 እስከ 8 ሴንቲሜትር፣ ስፋቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። «ተዘቅዝቆ የተያዘ ትንሽ አቮካዶ በዪው» አለቻት። ልጅቷ ከይርጋለም ወገን ስለሆነች አቮካዶ ምን እንደሆነ የሚነግራት አያስፈልጋትም። ከዚያ ወረቀቱን በልጅቷ ዩኒፎርም ላይ፣ ከእምብርቷ በጣም ዝቅ አድርጋ፣ ከፊት ካለው አጥንት ጀርባ ላይ አስቀመጠችው። «እዚህ ነው። ከፊቱ የሽንት ፊኛሽ፣ ከኋላው የአንጀትሽ መጨረሻ። ውስጡ ደግሞ ባዶ ቤት አይደለም፤ የፊትና የኋላ ግድግዳው ተጠጋግተው ነው ያሉት።» ልጅቷ እጇን እዚያው ላይ አሳርፋ ቆየች። «እንዲህ ታች ነው እንዴ?» አለች።

የቱቦው ነገር ከተነሳ አይቀር ከማህፀን ውጪ ስለሚፈጠር እርግዝናም ነገርናት፤ ከሉፑ ወሬ ይልቅ ሰው የሚገድለው እሱ ነውና። እንቁላልና የወንድ ዘር የሚገናኙት ቱቦው ውስጥ ነው። የዳበረችው እንቁላል ከዚያ ወደ ማህፀን መውረድ አለባት። ቱቦው በኢንፌክሽን ተጎድቶ ከጠበበ ግን እዚያው ልትቀር ትችላለች። በወቅቱ ያልታከመ የአባላዘር በሽታ ይህን ጉዳት ከሚያደርሱት አንዱ ነው። ከማህፀን ውጪ ከሚፈጠር እርግዝና ከ100ው ከ90 በላይ የሚሆነው ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦው ሲፈነዳ ደሙ ወደ ሆድ ይፈሳል። ድያፍራም ጋ ሲደርስ ሕመሙ ትከሻ ላይ ይሰማል። ሴትየዋ ትከሻዬን አመመኝ ትላለች፤ ማንም ማህፀን ብሎ አያስብም። የወር አበባ ቀርቶ ሆድ በአንድ ወገን ቢያም፣ ትከሻ ቢወጋ፣ ራስ ቢያዞር መድኃኒት ቤት ሄዶ ማስታገሻ መግዛት የለም፤ በቀጥታ ሆስፒታል ነው። ይህን ለጓደኞቿም እንድትነግር አደራ አልናት።

በመጨረሻ ሉፕ አልመረጠችም። በክንድ የሚቀበረውን የ3 ዓመቱን ወሰደች። ምርጫው የእሷ ነውና ደስ ብሎኝ አደረግኩላት። ሲስተር የሣለችላትን ወረቀት ግን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

ብዙም ሳይቆይ ከአንድ ክፍል የሚኖሩ ጓደኞቿ መጡ። አንዷ ያንኑ ወረቀት ዘርግታ «እኔን አንድ ክሊኒክ ማህፀንሽ ወደ ኋላ ዞሯል ብለውኛል። ይሄ ሥዕል ለእኔም ይሆናል?» ብላ ጠየቀች። ቃሉን ከሰማች ጀምሮ መውለድ አልችልም ብላ እንቅልፍ አጥታ ነበር። በብዙዎቻችን ማህፀን ወደ ፊት፣ በሽንት ፊኛ ላይ ዘንበል ይላል። ከ5 ሴቶች በአንዷ ገደማ ግን ወደ ኋላ ያዘነብላል። በራሱ በሽታ አይደለም፣ እርግዝናም አይከለክልም። ሲስተር ሁለተኛ ወረቀት አውጥታ ከጎን የሚታየውን ሣለችላት፤ አንዱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ።

ይህችኛዋ ሉፕ ፈለገች። አቅጣጫው ለእኛ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ ማህፀን ወዴት እንዳዘነበለ ሳያውቁ ማስገባት ግድግዳውን ለመብሳት አንዱ ምክንያት ነው። በእጅ መርምረን አረጋገጥንና አስገባንላት። በቀጠሮዋ ስትመለስ ከሉፑ ጫፍ የሚወርደው ክር በቦታው ነበር። የወር አበባዋ እንደበዛባት ነገረችኝ። እንደ እሷ ባለው የመዳብ ሉፕ በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜ እየቀነሰ ይሄዳል። የደም ማነስ እንዳይኖርባት መርምረን ሌላ ቀጠሮ ሰጠናት።