ጋዙ ሞልቶ ሳለ ኮከቡ ለምን አነሰ?

የጋላክሲ ሲሙሌሽን፣ ማለትም ጋላክሲን በኮምፒውተር አስልቶ ማስመሰል፣ ሲነሳ ብዙ ሰው ዓይኑ ላይ የሚመጣው በቀለም ያሸበረቀው ቪዲዮ ነው። እኔን ግን የሚይዘኝ አንድ ተራ መስመር ነው፦ በየዓመቱ የስንት ፀሐይ ክብደት ያለው ጋዝ ኮከብ እንደሆነ የሚያሳየው ግራፍ።

የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ኮከብ ሊወጣው የሚችል ቀዝቃዛ ጋዝ ሞልቶታል፤ ክብደቱ 1 ቢሊዮን ፀሐይ ያህል ነው። ደመናዎቹ ከዜሮ በታች 263 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለቀዘቀዙ የጋዙ ግፊት ስበትን ሊቋቋም አይችልም። የሚያግደው ባይኖር በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ተሰብስቦ ባለቀ፣ በየዓመቱም የመቶዎች ፀሐይ ክብደት ያላቸው ኮከቦች በተወለዱ ነበር። የሚወለደው ግን ከ1 እስከ 2 ፀሐይ ብቻ ነው። ታዲያ ምን ያዘው?

አንዱ ተጠርጣሪ ሱፐርኖቫ ነው፤ ግዙፍ ኮከብ ሲሞት የሚፈጠረው ፍንዳታ። ሰማይ ላይ እሱን ማጥፋት አይቻልም። ኮድ ውስጥ ግን አንድ ቁጥር መቀየር ይበቃል። ትንሽ ጋላክሲ ወስጄ ፍንዳታውን አጥፍቼ ሳስኬደው መስመሩ ገና ከጅምሩ ሽቅብ ይተኮሳል። ጋዙ ይቀዘቅዛል፣ ይሰባበራል፣ የጋላክሲው ዝርግ ዲስክ እንደታረሰ መሬት ጓል በጓል ይሆናል፤ ከዚያ ጋዙ ያልቅና መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል። ፍንዳታውን ስመልሰው ያው ጋላክሲ ሌላ ይሆናል፦ ጋዙ ከዲስኩ ይነሳል፣ ተመልሶ ይወርዳል፣ መስመሩም ዝቅ ብሎ እየተወዛወዘ ለረጅም ጊዜ ይዘልቃል።

መመለሱ ግን ቀላል አይደለም። አንድ ሱፐርኖቫ 10⁴⁴ ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል፤ ጋላክሲውን የምንከፋፍልባቸው የጋዝ ቁራጮች ደግሞ ግዙፍ ናቸው። ቲኤንጂ50 በተባለው ታዋቂ ሲሙሌሽን እንኳ አንዷ ቁራጭ በአማካይ 85,000 ፀሐይ ገደማ ትመዝናለች። ጉልበቱ እዚያ ውስጥ ሲገባ ጋዙን በቅጡ ሳያሞቀው፣ ሳይገፋውም፣ ጨረር ሆኖ ይባክናል። ስለዚህ አንዳንዶች የሞቀው ጋዝ ለተወሰነ ጊዜ እንዳይቀዘቅዝ ያግዱታል። ሌሎች፣ ቲኤንጂን ጨምሮ፣ ጋዙን ራሳቸው ፍጥነት ሰጥተው ያስወጡታል። ቁጥሩ ቴሌስኮፕ ካየው ጋር ይገጥማል፤ እኔ ግን መልሱን እኛው አስቀምጠን እኛው ያገኘነው ይመስለኛል። «ፋየር» የተባለው ፕሮጀክት የሄደበት መንገድ የበለጠ ያረካኛል፤ ቁራጮቹን አሳንሶ ሱፐርኖቫውን፣ የኮከቦቹን ጨረርና ነፋስ ለየብቻ ያሰላል።

ጨረሩ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። ግዙፍ ኮከቦች መፈንዳት የሚጀምሩት ከተወለዱ 3 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ጨረራቸው ደመናውን መበተን ጀምሯል። ፍንዳታው በተጠረገ ቦታ ሲሆን ጉልበቱ ሩቅ ይደርሳል። በሌላ በኩል ጨረሩ ኮከቦቹ አንድ ላይ ታጭቀው እንዳይወለዱ ስለሚያደርግ ፍንዳታዎቹም ይበታተናሉ። በአንዳንድ የትንንሽ ጋላክሲ ሲሙሌሽኖች የታየውም ይኸው ነው፦ ጨረር ሲጨመር ከጋላክሲው የሚወጣው የጋዝ ነፋስ ይዳከማል፣ የመስመሩም ውዥዋዜ ይበርዳል።