ማይሌን የት ላጠራቅም?

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደውላ "ማይል (በበረርን ቁጥር የሚጠራቀምልንና ትኬት የምንቆርጥበት ነጥብ) ብዙ የሚሰጠው የትኛው አየር መንገድ ነው?" አለችኝ። እኔ ደግሞ "በዓመት ስንቴ ትሄጃለሽ? ስንት ሻንጣስ ትይዣለሽ?" ብዬ ጠየቅኳት። "ዘንድሮ ሦስቴ፣ ሻንጣው ሁልጊዜ ከሁለት በላይ" አለችኝ። መልሱ እዚያው ውስጥ ነው።

እኔም እሷም የምንኖረው ዋሽንግተን አካባቢ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስታር አልያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት አባል ነው። ዩናይትድ፣ ኤር ካናዳ፣ ተርኪሽ፣ ሉፍታንዛም እዚያው ናቸው። ስለዚህ ከደለስ (የዋሽንግተን አውሮፕላን ማረፊያ) አዲስ አበባ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በርራችሁ ማይሉን የራሱ ፕሮግራም የሆነው ሼባማይልስ ላይ ወይም ዩናይትድ ላይ ወይም ኤሮፕላን የተባለው የኤር ካናዳ ፕሮግራም ላይ ማስገባት ትችላላችሁ፤ አንዱን በረራ ግን አንድ ቦታ ብቻ ነው። በኤምሬትስ የሚሄድ ሰው ሒሳቡ ሌላ ነው፣ ኤምሬትስ ከሦስቱ ትልልቅ የአየር መንገድ ኅብረቶች የአንዱም አባል አይደለም።

እኔ ለዓመታት በየቦታው ስበትን ኖርኩ። ስሙን የማልጠራው አንድ ፕሮግራም ላይ ያጠራቀምኩት ማይል ለእናቴ ትኬት ልቆርጥበት ስገባ ዜሮ ሆኖ ጠበቀኝ። ጊዜው አልፎ ተቃጥሏል። በጣም ነው ያናደደኝ። ከዚያ ወዲህ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው። የዩናይትድ ማይል አይቃጠልም። የኤሮፕላኑ 18 ወር ሙሉ ምንም ካልተንቀሳቀሰ ይጠፋል።

ግን ብዙ ለሚመላለስ ሰው ዋናው ማይሉ አይደለም፣ ጎልድ የሚባለው የደንበኛ ደረጃ ላይ መድረሱ ነው። ከበረራው በፊት ያለውን ሌሊት ታውቁታላችሁ አይደል? ሻንጣው ሳሎን መሀል ተከፍቶ፣ በእጅ ሚዛን ሲንጠለጠል 24.6 ኪሎ ይላል፣ ለአጎቴ የገዛሁት ጫማ ይወጣል፣ እንደገና ይመዘናል፣ የልጆቹ ቫይታሚን ይወጣል። ስታር ጎልድ (በመላው ኅብረቱ የሚሠራ ጎልድ) ከሆናችሁ ከሁለቱ ሻንጣ በላይ አንድ ተጨማሪ ያለክፍያ ይፈቀድላችኋል። ስትመለሱም በርበሬውና ሽሮው ቦታ አገኘ ማለት ነው። ለእኔ ይሄ ከነፃ ትኬት ይበልጣል።

ጎልዱን ከየትኛው አየር መንገድ እንደምታገኙትም ልዩነት አለው። በዩናይትድ ደረጃ የሚሰጠው ባወጣችሁት ገንዘብ ተመዝኖ ነው፣ በዚያ ላይ በዓመት ቢያንስ አራት በረራ በራሱ በዩናይትድ አውሮፕላን መብረር አለባችሁ። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻ የሚመላለስ ሰው እዚያ ምንም ደረጃ ላይ አይደርስም። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር፣ የዩናይትድ ጎልድ አሜሪካ ውስጥ ብቻ ለሆነ ጉዞ የዩናይትድ ላውንጅ (የመንገደኞች ማረፊያ ክፍል) አያስገባም፣ የሌላ አባል አየር መንገድ ስታር ጎልድ ካርድ ግን ያስገባል። እኔ ለሥራ በዩናይትድ ቺካጎ ስሄድ በሼባማይልስ ካርዴ ገብቼ ቡናዬን እጠጣለሁ።

በዓመት አንዴ ብቻ የምትሄዱ ከሆነ ጎልዱን እርሱት፣ የማይቃጠለውን ያዙ።

የአክስቴ ልጅ ሼባማይልስ ከፈተች። ትኬት ከመቁረጧ በፊት የቡኪንግ ክላሷን (የትኬቱን የዋጋ ምድብ) ፊደል እንድታይ ነገርኳት፤ ከደለስ አዲስ አበባ 7,200 ማይል ገደማ ቢሆንም ትኬቱ በጣም ርካሽ ከሆነ ያ ሁሉ አይገባም፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እንኳ እኩል አያገኙም። የአባልነት ቁጥሯን ትኬቱ ላይ አሁኑኑ እንድታስገባ፣ ማይሉ እስኪገባ ድረስ ደግሞ የቦርዲንግ ፓሱን ቁራጭ እንዳትጥል አደራ አልኳት።