23 ለ 22 እና ዜሮዎቹ

7 0 8 2 4 0 1 0 0 1 — 23
6 0 0 3 7 3 0 3 0 0 — 22

ይህ የአንድ ቤዝቦል ጨዋታ ውጤት ነው፤ እያንዳንዱ አኃዝ በአንድ ኢኒንግ (መጀመሪያ እንግዳው፣ ቀጥሎ ባለሜዳው የሚመታበት ዙር) የገባ ነጥብ ነው፣ መጨረሻው ድምሩ። የላይኛው መስመር የእንግዳው ቡድን የፊላዴልፊያ ፊሊስ ነው፤ የታችኛው የባለሜዳው የቺካጎ ካብስ። ሐሙስ ግንቦት 9 ቀን 1971 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 17፣ 1979)፣ ቺካጎ፣ ሪግሊ ፊልድ። 10 ኢኒንግ፣ 4 ሰዓት ከ3 ደቂቃ፣ 50 ምት፣ 11 ሆም ራን (ኳሱ አጥር የተሻገረበት ምት)፣ 14,952 ተመልካች። ሜዳው መብራት የገባለት እ.ኤ.አ. በ1988 ስለሆነ ያን ጊዜ እዚያ የሚጫወተው ሁሉ በቀን ነበር የሚጫወተው።

ይህ ጨዋታ ሲነሳ መጀመሪያ የሚወቀሰው ነፋሱ ነው። ሪግሊ ፊልድ ለሚሺጋን ሐይቅ ቅርብ ነው። ነፋሱ ከሐይቁ ሲመጣ ኳሱን ወደ ሜዳ ይመልሰዋል፤ ከደቡብ ምዕራብ ሲነሳ ግን በጓንት ውስጥ ማረፍ የነበረበት ኳስ አጥር ተሻግሮ መንገድ ላይ ይወድቃል። የዚያን ዕለት የነፈሰው ወደ ውጭ ነው። ይሁን፤ ነገር ግን ነፋስ መቺን በነፃ ቤዝ (ነጥብ ለማስቆጠር በተራ የሚረገጠው ማረፊያ) ላይ አያስቀምጥም። ያንን የሚያደርገው ፒቸሩ፣ ኳስ ወርዋሪው ነው።

የመጀመሪያውን 7 ልብ ብላችሁ እዩት። ማይክ ሽሚት ሁለት ሰው ቤዝ ላይ እያለ ሆም ራን መታ፤ ሁለቱና ራሱ ገቡ፣ 3 ነጥብ። ካቸሩ (ከመቺው ኋላ ኳስ የሚይዘው) ቦብ ቡንም እንደዚሁ፤ ሌላ 3። ከዚያ ፒቸሩ ራንዲ ለርች ራሱ መታ፣ ቤዙ ባዶ ስለነበር 1። ሦስት ምት፣ 7 ነጥብ። ቤዞቹ ሁሉ ባዶ ቢሆኑ ኖሮ እነዚያው ሦስት ምቶች በዚያው ነፋስ 3 ነጥብ ብቻ ነበሩ። አራቱ ነጥብ የመጣው ቀድመው ቤዝ ከደረሱት ሰዎች ነው። የካብሱ ቢል ባክነርም ያንኑ ያሳያል፦ ዴቭ ኪንግማን ሦስት ሆም ራን መትቶ 6 ነጥብ ሲያስገባ፣ ባክነር ሆም ራኑ አንድ ብቻ ሆኖ 7 አስገብቷል፤ ያቺ አንዷ ሦስቱም ቤዝ ሞልቶ የተመታች ግራንድ ስላም ስለነበረች ከሰባቱ አራቱን ብቻዋን አምጥታለች።

የለርች ነገር ያሳዝናል፣ ትንሽም ያስቃል። የእንግዳው ቡድን ፒቸር ስለሆነ አንድም ኳስ ሳይወረውር ሆም ራን መታ። ቀጥሎ ሊወረውር ወጣና አንድ ሰው ብቻ አውት አድርጎ (ከጨዋታ ተራው አስወጥቶ፤ ሦስት አውት የቡድኑን ተራ ያበቃል) ተቀየረ። ለካብስ ጨዋታውን የጀመረው ፒቸር ዴኒስ ላምፕም ያው አንድ አውት ነው ያገኘው። ላምፕን የተካው ዶኒ ሙር ደግሞ በዚያው ኢኒንግ ታችኛ ግማሽ ትሪፕል (መቺውን ሦስተኛ ቤዝ የሚያደርስ ምት) መታ። ፒቸሮቹ ያን ቀን በመምቻ እንጨቱ ከክንዳቸው የተሻለ ሠርተዋል።

ጨዋታ በወረቀት የሚመዘግብ ሰው እንዲህ ነጥብ ሲበዛ ነው የሚቸገረው። በመዝገቡ ላይ አንድ ዓምድ አንድ ኢኒንግ ነው፤ ዘጠኝ መቺ፣ ዘጠኝ ሣጥን። አሥረኛው መቺ ሲመጣ የመጀመሪያው ሰው ሣጥን ተይዟል። የሚደረገው እንዲህ ነው፦ የሚቀጥለውን ዓምድ ቁጥር ትሰርዛላችሁ፣ 2 የነበረውን 1 ታደርጉታላችሁ፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ሁሉ አንድ ዓምድ ታሸጋግራላችሁ። ማሸጋገሩን የረሳ አምስተኛው ኢኒንግ ላይ ማን መቼ እንደመታ ይጠፋበታል።

ማመሳከሪያው ቀላል ነው። ለመምታት የቆመ ሰው ሁሉ ከሦስት አንዱ ይሆናል፦ ነጥብ ያስቆጥራል፣ አውት ይሆናል፣ ወይም ኢኒንጉ ሲያልቅ ቤዝ ላይ ይቀራል። የሦስቱ ድምር ከመቺዎቹ ቁጥር ጋር ካልተካከለ አንድ ሣጥን ተዘሏል ማለት ነው። ፊሊስ በመጀመሪያው ኢኒንግ 7 ነጥብና 3 አውት ስላለው ቢያንስ 10 ሰው መትቷል፤ ካብስ እንጨት ሳይነካ የፊሊስ የመጀመሪያ መቺ ሁለት ጊዜ ቆሟል። በሦስተኛው 8 እና 3፣ ቢያንስ 11። ስለዚህ 10 ኢኒንጉ ለፊሊስ ቢያንስ 12 ዓምድ ይፈጃል። በጠቅላላው 23 ነጥብና 30 አውት ቢያንስ 53 መቺ ነው፤ ማንም ቤዝ ላይ ያልደረሰበት የ9 ኢኒንግ ጨዋታ 27 ይበቃዋል።

የመቺው ተራ እንዲህ ቶሎ ቶሎ ሲዞር ሌላም መዘዝ አለው። ያኔ ሁለቱ ቡድኖች በሚጫወቱበት ናሽናል ሊግ ውስጥ ፒቸር ራሱ ይመታ ነበር፤ በእሱ ፋንታ የሚመታ ቋሚ ሰው ሊጉ የተቀበለው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ተራው ፒቸሩ ላይ ሲደርስ አሠልጣኙ በሌላ መቺ ከተካው ያ ፒቸር ወደ ጨዋታው አይመለስም። ብዙ ነጥብ ሲገባ ተራው ቶሎ ይመለሳል፣ ፒቸርም ቶሎ ያልቃል። መላው ዳብል ስዊች ነው፦ አዲሱን ፒቸር ስታስገባ አንድ ተከላካይም አብረህ ትቀይርና ፒቸሩን ገና አሁን በመታው ሰው ቦታ ታስመዘግበዋለህ። ተራው እስኪደርሰው ስምንት ሰው ይቀድመዋል።

አምስተኛው ኢኒንግ እኩሌታ ላይ ውጤቱ 21 ለ 9 ነበር። በ12 ነጥብ የሚመራ ፒቸር ሥራው አንድ ነው፦ ኳሱን ዝቅ አድርጎ በዞኑ (መቺው ሊመታው በሚገባው ክልል) ውስጥ መወርወር። ይምቱት፤ ብቻውን የቆመ ሰው ሆም ራን ቢመታ 1 ነው። የፊሊሱ ፒቸር ታግ ማግሮ ግን ዞኑን አጣው፣ በዎክ (አራት ኳስ ከዞኑ ውጭ ሲወረወር መቺው በሚያገኘው ነፃ ቤዝ) ቤዙን ሞላ፣ ባክነርም ያንን ግራንድ ስላም የመታው ከእሱ ላይ ነው። ካብስ በዚያ ኢኒንግ 7 አስገባ፣ በስድስተኛው 3፣ በስምንተኛው 3፤ ፊሊስ በሰባተኛው 1 ብቻ ስለጨመረ 22 እኩል።

እኔን ከዚህ ሁሉ ቁጥር ይልቅ የሚይዙኝ በስተመጨረሻ ያሉት ዜሮዎች ናቸው። ነፋሱ ያው፣ መቺዎቹ ያው፣ የፊሊሱ ሮሊ ኢስትዊክ ዘጠነኛውን ወረወረ፤ ሦስት ሰው መጣ፣ ሦስቱም ተመለሰ።

በአሥረኛው ለካብስ የሚወረውረው ብሩስ ሰተር ነበር። በዚያ ዓመት 37 ሴቭ (የቡድኑን መሪነት እስከ መጨረሻው የጠበቀበት ጨዋታ) ያስመዘገበና ለምርጥ ፒቸር የሚሰጠውን የሳይ ያንግ ሽልማት የወሰደ ሰው ነው። መሣሪያው ስፕሊተር ነበር፦ ኳሱን በሌባ ጣትና በመሃል ጣት መካከል ሰፋ አድርጎ ይይዛል፣ እንደ ፈጣን ኳስ ይለቀዋል፣ ኳሱ ብዙም ስለማይሽከረከር መቺው ጋ ሲደርስ ይወድቃል። ሳይወድቅ ከቀረ ግን ወገብ ላይ የተንጠለጠለ ቀላል ኳስ ነው። ዛሬ በመደበኛው ውድድር ከአሥረኛው ኢኒንግ ጀምሮ ሁለተኛ ቤዝ ላይ በነፃ አንድ ሰው ይቆማል፤ ያኔ ይህ ደንብ አልነበረም፣ ቤዙ ባዶ ነው የሚጀመረው። ሁለት አውት ከሆነ በኋላ ሽሚት ቆመ፣ መታ፣ አጥር አሻገረ። አንድ ነጥብ።

ኢስትዊክ እንደገና ወጣ። ሦስት መቺ፣ ሦስት አውት፣ የታችኛው መስመር የመጨረሻው ዜሮ።